ሶብር ዝም ማለት ነውን?

አንድ ሰው ካንሰር እንደያዘው በተነገረው ቀን ከዘመድ አዝማድ አንደበት አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ሶብር አድርግ» የሚል ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ በእምነታችንም ውስጥ ያለው ስፍራ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ይኸው አንድ ቃል በየቤቱ ሲነገር ሁለት የማይገናኙ ትርጉሞችን ተሸክሞ ይዞራል። አንደኛው «አላህ (ሱ.ወ) የወሰነውን በጸጋ ተቀበል፤ ከእዝነቱም ተስፋ አትቁረጥ» ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አታቃስት፣ አታማርር፣ ሕመምህን ሆድ ይፍጀው በል» ማለት ነው። የመጀመሪያው ሶብር መሆኑን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ሁለተኛውስ? እውን ሶብር ማለት ዝም ማለት ነውን?

ይህ ጥያቄ ለክርክር ያህል የተነሳ አይደለም። በካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ሰው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት በቅድሚያ ሕክምናው በሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርስ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ራሱ ሲያም

ብዙ በሽታ ሰውን ያስተኛል፤ መድኃኒቱ ያነሳዋል። የካንሰር ሕክምና ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይገለብጠዋል። በእግሩ ሄዶ ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው ተደግፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዘመድም «ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ ጎዳው» ማለት ይጀምራል። ለምን እንዲህ ይሆናል?

ኬሞቴራፒ በደም ውስጥ እየተዘዋወረ ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሴሎችን የሚያጠቃ መድኃኒት ነው። የካንሰር ሴል ዋነኛ ጠባይ ያለ ልክ መራባት በመሆኑ በዚህ በኩል ይመታል። ይሁን እንጂ በጤናማው ሰውነታችንም ውስጥ በተፈጥሯቸው ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሴሎች አሉ። የጸጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን፣ ደም የሚሠራበት የአጥንት መቅኔ ከእነዚህ ውስጥ ይመደባሉ። መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላትን አጥርቶ ስለማይለይ እነዚህንም አብሮ ይመታል። ጸጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ሆድ የሚታወከው፣ ደም የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ነርቭን ይጎዳል፤ የእጅና የእግር ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያስቸግራል። ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ መድኃኒት ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ታማሚም ደም የሸና መስሎት ይደነግጣል። የጨረር ሕክምናም የነካውን ቆዳ ሊያጠቁርና ሊያቆስል ይችላል፤ ብርቱ ድካምም ያመጣል። ሐኪሞች እነዚህን ሁሉ የጎንዮሽ ጉዳት ይሏቸዋል።

ከእነዚህ ጉዳቶች አብዛኛዎቹ ጊዜያዊ ናቸው። ጸጉር ሕክምናው ካበቃ በኋላ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። ብዙዎቹም ማስታገሻ አላቸው። ሲስፕላቲን የተባለው ብርቱ መድኃኒት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ሲውል የሚወስዱት ሰዎች ለሰዓታት ያስመልሱ ነበር። በዚህ ሳቢያ ሕክምናቸውን የሚያቋርጡም ነበሩ። ኦንዳንሴትሮን የተባለው የትውከት ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ግን የብዙዎች ስቃይ እጅግ ቀለለ። ዛሬ ይህ ማስታገሻ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ተካቷል። ልብ እንበል! መድኃኒቱ ሊገኝ የቻለው ትውከቱ «የሕክምናው ዕዳ ነውና ቻሉት» ተብሎ ስላልታለፈ ነው። ታማሚዎች ተናገሩ፤ የሰማቸውም ተገኘ።

ከአርባ ምንጭ የሚነሳው መንገድ

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። በአርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ውስጥ የምትኖር አንዲት የጡት ካንሰር ታማሚ እናትን በሐሳባችን እንሳል። ለምሳሌ ያህል የምናነሳት እናት ናት፤ ይሁንና የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው በመሆኑ እርሷን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። ይህች እናት ሪፈር ተጽፎላት ወደ ሐዋሳ፣ ወይም 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አገልግሎቱ ወደ ክልሎችም መስፋፋት ቢጀምርም ለጋሞ ዞን ሰው መንገዱ አሁንም ረጅም ነው። እናታችን ኬሞውን ወስዳ በአውቶቡስ ትመለሳለች። ቀጣዩ ቀጠሮዋ ከ21 ቀናት በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚያ 21 ቀናት ናቸው። ሐኪሟ ሩቅ ነው። በአጠገቧ ያሉት ባለቤቷ፣ ልጆቿ፣ ጎረቤቶቿና የሰፈሯ ጀመዓ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻታል። ሽንኩርትና በርበሬ ሲቁላላ፣ ከጫሞ የመጣ ዓሣ ሲጠበስ ቤቱ ይጠባታል። ቀጥሎ አፏ ይቆስላል፤ ዳጣ ይቅርና ሙቅ ሻይ መቅመስ ያቅታታል። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ነጭ የደም ሴሎቿ እጅግ ዝቅ ይላሉ። ነጭ የደም ሴል የሰውነት ዘበኛ ነው። ዘበኛው በተዳከመበት በዚህ ሰሞን የሙቀት መለኪያው 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ነገሩ እንደ ተራ ትኩሳት አይታይም። ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት በአስቸኳይ ካልተጀመረላት ኢንፌክሽኑ በደሟ ተሰራጭቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊገድላት ይችላል።

በአርባ ምንጭ ግን ትኩሳት ሲነሳ የሰው ሁሉ ሐሳብ የሚሄደው ወደ ወባ ነው። በአባያና በጫሞ ዙሪያ ባለው ቆላ ወባ የታወቀ በመሆኑ ይህ አያስገርምም። እናታችንም «ወባ ነው፤ ያልፋል» ብላ ትተኛለች። ወይም ደግሞ «ሁለት ቀን ልቻለው፤ ልጆቹን ለምን አስጨንቃቸዋለሁ? አጅሩም ለእኔ ነው» ትላለች። ዝም ማለቷን ሶብር አድርጋ ትቆጥረዋለች ማለት ነው። እዚያው ከተማዋ ወደሚገኘው ሆስፒታል ሄዳ «ኬሞ ከወሰድኩ 10 ቀኔ ነው፤ ዛሬ ትኩሳት ይዞኛል» ብትል ግን ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕይወቷን ልታተርፍላት ትችላለች። «ትኩሳት ይዞኛል» ብቻ ካለች የወባ ምርመራ ተደርጎላት ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች። «ኬሞ ወስጃለሁ» የሚለው ቃል ነው ሐኪሙን የሚያነቃው። እንግዲህ ዝምታ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ እንረዳለን።

የቀደሙት እንዴት ታገሡ?

አሁን ወደ እምነታችን ምንጮች እንመለስ። ሶብር ሲነሳ ስማቸው የሚጠራው ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) ናቸው። ቁርኣን ታጋሽነታቸውን መስክሮላቸዋል። ያው ቁርኣን ግን ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው አቤት ማለታቸውንም ይነግረናል። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) መልካም ትዕግሥትን የመረጡ አባት ነበሩ፤ ሐዘናቸውን ግን ወደ አላህ አሰምተዋል። መናገራቸው ከታጋሾች ተራ አላወጣቸውም።

«ለአላህ መናገርማ ማን ከለከለ? እኛ የምንለው ለሰው ስለ መናገር ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት እናገኘዋለን። ራስ ምታት በያዛቸው ጊዜ ሕመማቸውን በዓኢሻ (ረ.ዐ) ፊት ተናግረዋል። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ታመው ሊጠይቋቸው በገቡ ጊዜም ትኩሳታቸው የሁለት ሰው ያህል የበረታ መሆኑን አልደበቁም። ከእርሳቸው በላይ ታጋሽ ማን አለ?

የዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ታሪክም አለ። ኪንታሮት የነበረባቸው እኚህ ሶሓባ እንዴት መስገድ እንደሚገባቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ቆሞ መስገድ ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተውም በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ የሚፈቅድ ነበር። ዛሬ ከኬሞ በኋላ ጉልበቱ ከድቶት አልጋው ላይ ሆኖ የሚሰግድ ታማሚ የሚጠቀምበት ሕግ የተገኘው አንድ ሰው ሊያሳፍር የሚችል ሕመሙን ገልጦ በመጠየቁ ነው። ዒምራን «ሆድ ይፍጀው» ብለው ቢሆን ኖሮ ይህን መልስ ማን ያስተላልፍልን ነበር?

ሌላው ታሪክ ያስደነግጣል። በጉዞ ላይ ሳለ ራሱን የተፈነከተ አንድ ሰው ገላውን መታጠብ ግዴታ ሆነበት። በተየሙም ማለፍ ይችል እንደሆነ ባልንጀሮቹን ጠየቀ። እነርሱም ውሃ እስካለ ድረስ ፈቃድ አናገኝልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ እንደተወሳው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ለሰውየው ሞት ባልንጀሮቹን ተጠያቂ አደረጉ፤ የማያውቁትን ነገር ለምን እንዳልጠየቁም ገሠጹ፤ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። ታማሚው ተናግሯል፤ ጥፋቱ የአድማጮቹ ነበር። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ለጉዳያችን ከሁሉ ይልቅ የቀረበው ግን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የጠቆሙት የጥቁሯ ሴት ታሪክ ነው። ይህች ሴት የሚጥል በሽታ ነበረባት። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ በሽታው ሲጥላት ልብሷ እየተገለጠ ገላዋ እንደሚታይ ነገረቻቸውና ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች። እርሳቸውም ታግሣ ጀነትን ማግኘት ወይም እንድትድን ዱዓ ማስደረግ እንደምትችል ምርጫ ሰጧት። ትዕግሥትን መረጠች። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በሽታውን እታገሣለሁ፤ ነገር ግን ገላዬ እንዳይገለጥ ዱዓ አድርጉልኝ አለች። አደረጉላትም።

ይህችን ሴት በጥሞና ልናያት ይገባል። የጀነት ብሥራት የተነገራት፣ ሶብርን በምርጫዋ የወሰደች ሴት ናት። ሆኖም በሽታውንና በሽታው ያመጣባትን ውርደት ለያይታ ተመለከተች። ዋናውን ሕመም ተሸከመች፤ ከእርሱ ጋር የመጣውንና ሊቀልላት የሚችለውን ግን እንዲነሳላት ጠየቀች። ይህን መጠየቋ ሶብሯን አላጎደለባትም፤ ማንም «ከታገሥሽ ሁሉንም ታገሺ» አላላትም። በካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው የሚሻው መለኪያ ይህ ነው ብለን እናምናለን። በሽታውን ከአላህ የመጣ ፈተና ብሎ ይቀበላል፤ ከሕክምናው ጋር የመጣውንና ሊታከም የሚችለውን ስቃይ ግን ሊያነሳለት ለሚችል ሰው ይናገራል።

የዑርዋና የአንሷር ሴቶች

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሳ እንደሚችል እናውቃለን። ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር እግራቸው ታሞ በተቆረጠ ጊዜ አእምሮን የሚያደነዝዝ ነገር አልጠጣም ማለታቸው በታሪክ መጻሕፍት ይወሳል፤ በየዳዕዋውም ይነገራል። «እነዚያ እንዲያ ከታገሡ እኛ ለትውከትና ለጸጉር መርገፍ እንዴት እንጮኻለን?» የሚል ሰው አለ።

ዑርዋ ታላቅ ሰው ናቸው። ነገር ግን ታሪካቸውን እስከ መጨረሻው እናንብብ። ሕመማቸውን ከሐኪሞች አልደበቁም። ሐኪሞቹ እግርዎ ካልተቆረጠ በሽታው ወደ ላይ ይወጣል ሲሏቸውም ሕክምናውን ተቀብለዋል። የታገሡት ሊያስቀሩት ያልቻሉትን ነው። ራሳቸው ለራሳቸው የመረጡትን ከፍታ ሌላው ሰው ታሞ በተኛ ሰው ላይ እንደ ግዴታ ሲጭነው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በራስ ላይ መጽናት ጀግንነት ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ሰው ገላ ላይ ጀግና መሆን ግን ቀላል ነው፤ አያምምምና።

ሌላው እንቅፋት እፍረት ነው። የጡት ወይም የማኅጸን በር ካንሰር ያለባት ሴት የሚደርስባትን ሁሉ ለወንድ ሐኪም መናገር ይከብዳታል። የወር አበባ መቋረጥ፣ በትዳር ውስጥ የሚገጥም ሕመም፣ ሽንት አለመቋጠር አፍ አውጥተው የሚናገሯቸው ነገሮች አይደሉም። ሐያእ የእምነት ክፍል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷርን ሴቶች ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ ስላላገዳቸው ነበር። ለዲን የተፈቀደ ጥያቄ ሕይወትን ለማትረፍ እንዴት ይከለከላል? ሴት ነርስ ወይም ሴት ሐኪም እንድትመደብላት መጠየቅ ትችላለች፤ ካልተገኘችም ከመጥፋት መናገር ይሻላል። «ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ያገራችን ብሂል ከሐዲሱ ትምህርት አይርቅም።

ጾምም በዚሁ ይታያል። ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው መድኃኒት ፊኛን፣ ሲስፕላቲን ደግሞ ኩላሊትን እንዳይጎዱ ታማሚው ብዙ ውሃ እንዲጠጣ ይመከራል። በረመዳን እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስዶ ከሐኪም ተደብቆ የሚጾም ሰው አላህ (ሱ.ወ) ለበሽተኛ በግልጽ የሰጠውን ፈቃድ ወደ ጎን ብሎ ኩላሊቱን ለአደጋ ይሰጣል። ፈቃዱን መቀበል ስንፍና አይደለም፤ የሰጪውን ስጦታ ማክበር ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ማር ወይም የሽፈራው ቅጠል የሚወስድ ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። ከተክል የሚገኝ ነገር በሰውነት ውስጥ የመድኃኒቱን አሠራር የሚለውጥበት ጊዜ አለና።

መናገር ዕድሜ ሲጨምር

መናገር ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ከሕክምናው ዓለምም ተገኝቷል። በኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል ዶክተር ኢታን ባሽና ባልደረቦቻቸው ካንሰሩ የተሰራጨባቸውንና ኬሞቴራፒ የሚወስዱ 766 ታማሚዎችን በሁለት ከፍለው ተከታተሉ። አንደኛው ወገን እንደተለመደው በቀጠሮው ቀን ሐኪሙን ያገኛል። ሌላኛው ወገን ደግሞ ማቅለሽለሹን፣ ሕመሙን፣ ድካሙን፣ የትንፋሽ ማጠሩን በየጊዜው እየመዘገበ ያሳውቃል፤ የባሰ ነገር ሲመጣም ለነርሷ ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት የመጀመሪያው ወገን አማካይ የሕይወት ዘመን 26 ወር ሲሆን የሚናገረው ወገን 31.2 ወር ነበር። ልዩነቱ 5 ወር ገደማ ነው። ለአንዳንድ አዳዲስና ውድ መድኃኒቶች «ታላቅ ውጤት» የሚባለው ጭማሪ ከዚህ ሲያንስ ይታያል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚያን 5 ወራት የጨመረው ንግግሩ ብቻውን አይደለም። ታማሚው ተናገረ፤ ነርሷ ሰማች፤ ሰምታም አንድ ነገር አደረገች። መድኃኒት ቀየረች፣ መጠን እንዲስተካከል አደረገች፣ ወደ ሆስፒታል ጠራች። ሰሚ የሌለው ንግግር ይህን ውጤት ባላመጣም ነበር። ስለዚህ ጥያቄያችን ከታማሚው ተሻግሮ ወደ እኛ ወደ ጤነኞቹ ይመጣል።

አድማጩስ?

«ሶብር አድርጊ» የምንላት ለእርሷ ብለን ነው ወይስ ለራሳችን? ታማሚዋ ዝም ስትል የሚያርፈው ማን ነው? እኛ አይደለንምን? የመድኃኒት ገንዘብ ማሰባሰቡ፣ ሌሊት ተነስቶ ሆስፒታል መውሰዱ፣ የምትበላውን ለይቶ ማብሰሉ ሁሉ ከመናገሯ ጋር ይመጣል። ዝም ካለች ግን ጎብኝተናት፣ ዱዓ አድርገን፣ ሻይ ጠጥተን እንወጣለን። እንዲህ ያለው «ሶብር አድርጊ» አፍ ማስያዣ ሆኗል። ራሱን የተፈነከተው ሰው ባልንጀሮችም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ዲኑን የጠበቁ መስሏቸው ሰው ገደሉ።

በጋሞ ምድር የቆየ ባህል ውስጥ «ጎሜ» የሚባል አስተሳሰብ አለ። ወግ የጣሰ ሰው ራሱ ወይም ቤተሰቡ በሕመም ወይም በሌላ መከራ ይመታል፤ መፍትሔውም ጥፋቱን ገልጦ መናገርና መታረቅ ነው ተብሎ ይታመናል። በእኛም ቤት «ምን ሠርታ ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ አይጠፋም። ካንሰር የጥፋተኝነት ምስክር አይደለም። ነቢያት ታመዋል፤ ደጋጎችም ታመዋል። የጸጉሯን መርገፍ፣ የቆዳዋን መጥቆር የቅጣት ምልክት የምናስመስልባት ሴት ሕመሟን ብትደብቅ ልንፈርድባት አይገባም፤ ያስደበቅናት እኛ ነንና።

ከዚሁ ከጋሞ ባህል ልንማረው የሚገባ ነገርም አለ። «ዱቡሻ» በሚባለው የሽንጎ ስፍራ ሰው ቅሬታውን አውጥቶ በተራው ይናገራል፤ ሌላውም ያደምጠዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል በተነሱ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው ለምነው መልሰዋቸዋል። አገር ያደነቀው ይህ ተግባር መለመን ውርደት አለመሆኑን፣ ልመናን ሰምቶ መመለስም ሽንፈት አለመሆኑን ያሳየናል። ለአንዲት ታማሚ ሴት እንዲህ ያለ ጆሮ የሚሰጥ ቤት፣ እንዲህ ያለ ጀመዓ አለን?

ልጃቸውን በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው በ1996 ዓ.ም. ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሥርተው ከየክፍለ አገሩ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ችግረኛ ታማሚዎች ማረፊያ እንዲያገኙ ማድረጋቸው የታወቀ ነው። ሐዘናቸውን ሆድ ይፍጀው ብለው ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ሐዘናቸውን ግን ለሌላው መጠለያ አደረጉት። የእኛ ጀመዓዎችስ ከአርባ ምንጭ፣ ከጨንቻ ወይም ከሳውላ ለሚመጣ ሕመምተኛ ምን አዘጋጅተዋል?

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። በቤት ውስጥ አንድ የሙቀት መለኪያ ይኑር። ኬሞ የተወሰደበት ቀንና የመድኃኒቱ ስም በወረቀት ተጽፎ ከካርዱ ጋር ይቀመጥ፤ ማታ ድንገት የሚነሳ የቤተሰብ አባል ሁሉ ያለበትን ስፍራ ይወቅ። በየቀኑ ምን እንደተሰማት ልጇ በደብተር ይመዝግብላት። ቁሌቱ ከምትተኛበት ክፍል ራቅ ብሎ ይሠራ። አፏ ሲቆስል ለብ ባለ የጨው ውሃ ትጉመጥመጥ፤ የቡላ ገንፎና የበሰለ ሙዝ ለቆሰለ አፍ ይለሰልሳሉ። ጠያቂው ጉንፋን ከያዘው ዚያራውን በስልክ ያድርግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እንዴት ነሽ?» ብለን «አልሐምዱሊላህ» ስትለን ነገሩን በዚያ አንዝጋው። «አልሐምዱሊላህ፤ ሌሊቱን ተኝተሻል? በልተሻል? ትኩሳቱስ?» ብለን እንቀጥል። ምስጋናዋም ቃሏም በየቦታቸው ይቆዩላታል።

ታዲያ ሶብር የት ገባ?

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ለሶብር ምን ቀረ የሚል ካለ፣ ብዙ ቀርቷል እንለዋለን። ተነግሮ፣ ተጠይቆ፣ ታክሞም የማይነሳ ነገር አለ። እንቅልፍ የማያነሳው ድካም አለ። ሕክምናው ካበቃ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆይ የጣት መደንዘዝ አለ። በመስተዋት ፊት ቅንድብ የሌለውን ፊት ማየት አለ። የሚቀጥለውን ምርመራ ውጤት እየጠበቁ የሚያድሩበት ሌሊት አለ። እነዚህን ማንም ሐኪም በማዘዣ ወረቀት አያነሳቸውም። የሶብር ሜዳ እዚህ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ የሚቆም ሰው ጉልበት ይፈልጋል፤ መድኃኒት ባለው ትውከት፣ ማስታገሻ ባለው ሕመም ጉልበቱን አስጨርሰነው ለዋናው ፈተና ባዶ እጁን ልንልከው አይገባም።

ስለዚህ ለታማሚው የምንለው ይህ ነው። መናገርህ ቀደርን መቃወም አይደለም፤ በአደራ የተሰጠህን ገላ መጠበቅ ነው። ለሚያስታምሙትም እንዲህ እንላለን። ከእንግዲህ «ሶብር አድርጊ» ከማለታችን በፊት ልንሰማትና የምንችለውን ልናደርግላት ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን እርሷ በሶብር ትሸከመዋለች፤ እኛም ከአጠገቧ ሳንጠፋ ዱዓ እናደርግላታለን። አላህ (ሱ.ወ) በሕመም አልጋ ላይ ላሉት ሁሉ ሽፋውን፣ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን። አሚን።